የጤና ዓምድ፦ ወንዱ ሕመሙን ለምን ይደብቃል?

ዛሬ ስለ ካንሰር እንነጋገራለን። ጽሑፉ በተለይ ለወንዶች ነው። ሴቶችም አንብቡት፤ ለባሎቻችሁና ለወንድሞቻችሁ ትነግሯቸዋላችሁ።

ካንሰር ምንድን ነው?

ግንብ ከድንጋይ እንደሚሠራ ሰውነታችንም ከጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው። ሕዋሳት ያረጃሉ፣ ይሞታሉ፣ በአዲስ ይተካሉ። አንዳንዶቹ ግን ከሥርዓት ይወጡና ያለ ልክ ይበዛሉ። ነገሩ እንደ አረም ነው። አረም በጊዜ ካልተነቀለ ጤፉን ይውጠዋል፤ ዘሩንም ወደ ሌላ ማሳ ይጥላል። ካንሰርም ከተነሣበት ቦታ ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ አጥንት ይዛመታል።

በአማርኛ ነቀርሳ ይባላል። የሳንባ ነቀርሳ የሚባለው ቲቢ ግን ሌላ በሽታ ነው። ቲቢ በትንፋሽ ይተላለፋል። ካንሰር ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ የታመመውን ሰው አታግልሉት። አብራችሁ ብሉ፣ አብራችሁ ጠጡ።

ወንዶች ለምን ይዘገያሉ?

እናቶች ልጅ ለማስከተብ ወደ ጤና ኬላ ይሄዳሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤት ድረስ እየመጣች ታስተምራቸዋለች። ወንዱ በዚያ ሰዓት እርሻ ላይ ነው፤ ወይም ገበያ ወርዷል። ቤት ቢገኝም ከወገብ በታች ያለውን ሕመም ለሴት መንገር ያፍራል። «ወንድ ልጅ ይችላል፤ ይቺ ምን አላት!» ይላል።

ከዚያስ? ሕመሙ ሲጸና በጉ ይሸጣል። ቀጥሎ በሬው ይሸጣል። ከተማ ሲደርስ ሐኪሙ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ይለዋል። በሬውም ሄደ፤ ሰውየውም አልዳነም። ልጆቹ ያለ አባትና ያለ ጥማድ ይቀራሉ። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ነው።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው

1. ምግብ መዋጥ ማስቸገር። መጀመሪያ ሥጋና ቆሎ አልወርድ ይላል። ቀጥሎ እንጀራው ያንቃል። በመጨረሻ ወተትና ውኃ ብቻ ያልፋል። ይህ የምግብ ቧንቧ እየጠበበ መሆኑን ያሳያል። ውኃ ብቻ እስኪቀር አትጠብቁ። ከአርሲና ከባሌ በዚህ ካንሰር የተያዙ ብዙ ሰዎች ወደ ሆስፒታል እንደሚመጡ ሐኪሞች ጽፈዋል።

2. ሰገራ ላይ ደም መታየት፣ ወይም ሰገራ እንደ ከሰል መጥቆር። «ኪንታሮት ነው» ብላችሁ አትተዉት። ኪንታሮት መሆኑን የሚለየው ምርመራ ነው።

3. ደም የቀላቀለ ሽንት። በቆላ አካባቢ ቢልሃርዚያም ይህን ያመጣል። ሁለቱም ሕክምና ይፈልጋሉ።

4. ሽንት ማማጥ፣ ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ሌሊት ደጋግሞ ማስነሣት። ከፊኛ በታች ፕሮስቴት የምትባል ዕጢ አለች። ያለችው በወንድ ብቻ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ታብጣለች። አብዛኛውን ጊዜ እብጠቱ ካንሰር አይደለም፤ አንዳንዴ ግን ነው።

5. የዘር ፍሬ ላይ የሚገኝ ጠጣር እብጠት። ብዙ ጊዜ አያምም። ይህ ይበልጥ የሚይዘው ወጣቶችን ነው። በጊዜ ከተደረሰበት በደንብ ይድናል። ገላ ስትታጠቡ ዳስሱት፤ ነውር የለበትም።

6. ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የአፍ ቁስል ወይም የድምፅ መጎርነን። ሳል ከሆነ ግን ሁለት ሳምንት ካለፈው ተመርመሩ። መጀመሪያ ቲቢ መሆን አለመሆኑ ይታያል።

7. በአንገት፣ በብብት፣ በብሽሽት ወይም በጡት ላይ የሚያድግ እብጠት። ወንድም የጡት ካንሰር ይይዘዋል።

8. በውስጥ እግር ላይ የሚሰፋ ጥቁር ነጥብ ወይም አልድን ያለ ቁስል።

9. ያለ ምክንያት መክሳት።

ከነዚህ አንዱ ታየ ማለት ካንሰር ያዘ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሌላ ቀላል በሽታ ሆኖ ይገኛል። ግን በዓይን ብቻ አይለይም። ስለዚህ መመርመር ነው።

ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የሆነውን ሁሉ ሳታፍሩ ንገሩ። ለሴት መንገር ከከበዳችሁ «ወንድ ባለሙያ ጥሩልኝ» በሉ። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ከሆነ ሪፈር ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልካል። የጤና መድን መታወቂያ ያላችሁ ያቺን ወረቀት ሳትይዙ አትሂዱ። ያለ እርሷ መድኑ ላይከፍል ይችላል።

እብጠቱን አትብጡት፣ አትተኩሱት፣ ቅጠል አትለጥፉበት። ጠበል የምትጠመቁ ተጠመቁ፤ ዱዓ የምታደርጉም አድርጉ። ከሐኪሙ ግን አትቅሩ።

ካንሰር በቀዶ ሕክምና፣ በመድኃኒትና በጨረር ይታከማል። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገራችን የሚሰጠው አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ዛሬ ጅማን የመሰሉ ሌሎች ቦታዎችም ተጨምረዋል። ቢሆንም ወረፋው ረጅም ነው። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይታከማል።

ከመያዝ በፊት

ትንባሆ አታጭሱ፤ አታኝኩም። አረቄ ጉበትንና ጉሮሮን ይጎዳል፤ ተዉት። ገንፎና ሻይ እሳት እንደሆነ አትዋጡ፤ ትንሽ ይብረድ። የሻገተ በቆሎና ለውዝ አትብሉ፤ ሻጋታው ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው። እህላችሁን በደንብ አድርቃችሁ አስገቡ። ሕፃናትን አስከትቡ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጠው ክትባት ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን የጉበት በሽታ ይከላከላል። ይህ በሽታ ከቆየ የጉበት ካንሰር ያመጣል።

የት እንነጋገር?

ወንዶች በሚሰበሰቡበት! በእድር ስብሰባ፣ በወፍጮ ቤት ወረፋ፣ በገበያ፣ በደቦ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም፣ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ በር ላይ። እድርተኛው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፤ ንፍሮ እንቀቅላለን። በሕይወት ሳለ «ወንድሜ፣ ከስተሃል፤ ምን ሆነሃል?» ብንለው አይሻልም ወይ? ጤና ጣቢያ ድረስ የሚሸኘው ሰው ብንመድብለትስ? የእድር ዳኞች ሆይ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ የጤና ባለሙያ ጋብዙ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

እናንተ ፊደል ቆጥራችኋል። ይህን ወረቀት ማንበብ ለማይችለው ጎረቤታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ከዚያም በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ።

1. ካንሰርና ቲቢ በምን ይለያያሉ?
2. በሰፈራችን ምግብ መዋጥ ያስቸገረው ሰው አለ? ማን ይሸኘዋል?
3. የእድራችን ቀጣይ ስብሰባ መቼ ነው? ነገሩን ማን ያነሣዋል?