ስኳር በካርድ በነበረ ጊዜ

በዚህ ሰሞን አፍጥር ሲቃረብ የኑሮ ውድነት የማይነሣበት ቤት የለም። የዘይቱ፣ የስኳሩ፣ የተምሩ ዋጋ ይቆጠራል። ልጆች እንዲህ ያለ ጊዜ ታይቶ እንደማይታወቅ ሲያማርሩ ጥግ ላይ የተቀመጡት አያት ዝም ብለው ይሰማሉ። ዛሬ ማንሣት የፈለግነው የእሳቸውን ዝምታ ነው።

እኒያ እናቶች በደርግ ዘመን ቤት ያስተዳደሩ ናቸው። ስኳርና ዘይት ከቀበሌ ሱቅ በካርድ፣ በቤተሰብ ቁጥር ይታደል ነበር። ገበሬው እህሉን በተቆረጠ ዋጋ ለመንግሥት እንዲሸጥ ኮታ ይጣልበታል፤ ዘመድ ከገጠር የላከው ጤፍም ኬላ ላይ ሊወረስ ይችላል። በየካቲት 1982 የቅይጥ ኢኮኖሚ እስኪታወጅ ነጋዴው እጁ ታስሮ ስለኖረ፣ በንግድ ይተዳደር የነበረ ሙስሊም ቤተሰብ ገቢውም ገበያውም አብረው ጠፉበት። በ1967 በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓል ሆነው ሲከበሩ የታየውን ደስታ የሚያስታውሱ ሁሉ፣ ለኢድ የሚሆን ስኳር ፍለጋ የተንከራተቱበትንም አይረሱም።

የ1977 ረመዳን የገባው ግንቦት ላይ ነበር። አንዲት የሰፈራችን እናት ያንን ወር ሲያጫውቱን መጀመሪያ ያነሡት ሰልፉን ነው። ሌሊት ድንጋይ አስቀምጠው ተራ ይይዛሉ፤ ጾመኛ ሆነው ቀኑን ይቆማሉ፤ አንዳንዴ «አልቋል» ተብለው ባዶ ከረጢት ይዘው ለመግሪብ ይደርሳሉ። ከክርስቲያን ጎረቤታቸው ጋር ግን ውል ነበራቸው። በሁዳዴ የእሳቸው ዘይት ወደ ጎረቤት ይሄዳል፣ በረመዳን የጎረቤት ስኳር ወደ እሳቸው ይመጣል።

ይህን የመሰለ ወሬ ሁላችንም እንወዳለን። «ድሮ መተሳሰብ ነበር» ብለን የምንዘጋውም እዚህ ላይ ነው። እኚህ እናት ግን አልዘጉም። በዚያው ሰልፍ ላይ በጓሮ በር ገብቶ የሚወስድ ባለ ዘመድ እንደነበረ ነገሩን። ለሱሑር የቀረበውን ለልጆች ትተው «ጠግቤያለሁ» ይሉ እንደነበረ፣ የሰርግ ወርቃቸውንም ባላቸው ሳያውቁ እንደሸጡ ነገሩን። ልጆቻቸው ይህን የሰሙት ከእኛ ጋር ነው፤ ከአርባ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ማን ረዳዎት ብንላቸው አንድ ሰው ብቻ ጠቀሱ። ሲመሽ በሕፃን ልጅ እጅ የተከደነ ሳህን የሚልክ ጎረቤት ነበራቸው። ሳህኑ ሲመለስም ስለ ውስጡ አንድም ቃል አይነሣም።

ዛሬ ድጋፍ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ካሜራው ይቀድማል። ዱቄቱን የተቀበለችው እናት ፊቷ በየስልኩ ይዞራል። በጎ ሥራን ለማስተዋወቅ ነው ይባላል፤ እኛ ግን አንስማማም። ወርቋን በድብቅ የሸጠች ሴት ለፎቶ ትቆማለች ብሎ ማሰብ ይከብዳል። በየመንደራችን ዘንድሮም ሱሑር ሳይበሉ የሚነይቱ፣ «ጠግቤያለሁ» የሚሉ እናቶች አሉ። ሰልፍ ስለማይወጡ ከዝርዝሩ ውስጥ አይገኙም።

ዘካተል ፊጥር በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ እህል ነው፤ ከኢድ ሶላት በፊትም መድረስ አለበት። ወደየትኛው ቤት እንደምትወስዱት ከመቁረጣችሁ በፊት ጥግ ላይ የተቀመጡትን አያት ጠይቁ። የትኛው ቤት እንደ ድሮው ጭስ እንደማይወጣበት እሳቸው አስተውለዋል። ስታደርሱም ሲመሽ፣ ከድናችሁ አድርሱ።