የኋላው ስፒከር ዝም ሲል



ባለፈው የዒድ ማግሥት አንድ ጎረቤታችን እናቱን ወደ ወራቤ ለማድረስ በአሮጌዋ ቶዮታ ኮሮላው መንገድ ጀመረ። እናት ከኋላ ወንበር በስተቀኝ ተቀምጠዋል። ረጅም መንገድ ሲሆን ቁርኣን እያዳመጡ መጓዝ ልማዳቸው ነው። ዓለም ገናን እንዳለፉ፣ «ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ከፍ አድርገው» ይሉታል፤ ከፍ ያደርጋል። ጢያ ሲደርሱ ደግመው ይሉታል፤ እሱም ይጨምራል። ቡታጅራ ሲቃረቡ ከሾፌሩ በር ውስጥ ያለው ስፒከር እንደ ተቀደደ ወረቀት ይንጣጣ ጀመር። እናት ግን አሁንም በደንብ አልሰሙም። «ተወው፣ ጆሮዬ ከድቶኛል፤ ዕድሜ ነው» አሉና ዝም አሉ። ወራቤ ሲገቡ ስለ መኪናው አንድም ቃል ሳይናገሩ የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ እንዲያዝላቸው ጠየቁ።

ጎረቤታችን እንደተመለሰ መኪናውን ወደ አንድ የቴፕ ሱቅ ወሰደው። እዚያም ለጥቂት ደቂቃ ከሰሙ በኋላ «አራቱም ስፒከሮች ሞተዋል፤ ቴፑም አብሮ ቢቀየር ይሻላል» አሉት። የተጠየቀው ገንዘብ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ካስቀመጠው ላይ የሚነሳ ነበር። በማግሥቱ ከዐስር ሶላት በኋላ በራችንን አንኳኩቶ፣ «ኡስታዝ፣ እስቲ ይህን ነገር እዩልኝ» አለን። የዚህ ወር ጽሑፋችን መነሻም ይኸው ነው።

እኛ የጋራዥ ሰዎች አይደለንም፤ ሥራችን ከጠመኔና ከጥቁር ሰሌዳ ጋር ነው። ሆኖም ስፒከር ምሥጢር የበዛበት ዕቃ አይደለም። ዛሬ በየመኪናው ያለው ዓይነት አሠራሩ በመሠረቱ ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1925 ካስተዋወቁት ጋር አንድ ነው። ከኋላ ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ቀጭን የሽቦ ጥቅልል ይገባል፤ ጥቅልሉ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ከተሠራ ወረቀት ጋር ተያይዟል። ከቴፑ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ጥቅልሉን ወደፊትና ወደኋላ ሲገፋው ወረቀቱ አየሩን ያንቀጠቅጣል፤ ድምፅ የምንለውም ይህንኑ ነው። እንግዲህ ሊበላሽ የሚችለው ወይ ሽቦው ነው፣ ወይ ወረቀቱና ጠርዙ ነው፣ አለዚያም ጥፋቱ ከነጭራሹ ከስፒከሩ ውጭ ነው። ባለ ሱቆቹ ያልለዩት ይህንን ሦስተኛውን ነው።

ከጎረቤታችንና ከአሥረኛ ክፍል ተማሪው ልጁ ጋር ካቻቢቴ ከማንሳታችን በፊት ማዳመጥ ጀመርን። መጀመሪያ የፍላሹን ቀረጻ፣ ቀጥሎ ራዲዮ ከፈትን። ይህን ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በየፍላሹ የሚዞረው ብዙ ቀረጻ ከአሮጌ ካሴት የተገለበጠ በመሆኑ ሲቀዳ የተበላሸ ነው። የቀረጻውን ጥፋት ስፒከር ላይ አላክኮ ስፒከር የሚቀይር ሰው ያው መንጣጣት በአዲሱም ላይ ይጠብቀዋል። ከዚያም ድምፁን መካከለኛ አድርገን፣ ባላንስ በሚባለው ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ፌደር በሚባለው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየወሰድን አራቱን ማዕዘኖች ለየብቻ ሰማን። የፊት ቀኝ ጥሩ ነው። የኋላ ግራም ጥሩ ነው። የፊት ግራ ወፍራም ድምፅ ሲመጣ ይንጣጣል። እናት የተቀመጡበት የኋላ ቀኝ ግን ጭራሽ ዝም ብሏል። አራት ሞቱ ከተባሉት ሁለቱ ያለ አንዳች ሕመም ሲሠሩ ተገኙ ማለት ነው። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ ገንዘብም አልጠየቀም።

በኮሮላዋ የኋላ ስፒከሮች የሚገኙት ከኋላው መስታወት ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ነው። ዝም ያለውን ፈተን አወጣነውና ቴፑ እንደጠፋ ከሽቦው ነቀልነው። መንቀሉ የግድ ነው፤ ከቴፑ ጋር እንደተያያዘ ከተለካ ቁጥሩ ያሳስታል። ቴስተሩን በኦም ላይ አድርገን ሁለቱን እግሮች በመጀመሪያ እርስ በርስ አነካካን፤ የራሱን የቴስተሩን ሽቦ ተቃውሞ አውቀን ከውጤቱ ለመቀነስ ነው። ስፒከሩ ላይ ስናኖረው 3.5 አሳየ። ልጁ «ጀርባው ላይ 4 ኦም ነው የሚለው፣ ጎደለ እኮ!» አለ። ጥያቄው የሚያስመሰግን ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈው ስፒከሩ ለሚመላለሰው የድምፅ ኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ ሲሆን፣ ቴስተሩ የሚለካው ግን በአንድ አቅጣጫ በሚሄድ ኤሌክትሪክ የሽቦውን ተቃውሞ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጤነኛ ባለ 4 ኦም ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ከ3 በላይ ከ4 በታች ያሳያል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ጥቅልሉ ተበጥሷል። ወደ ዜሮ ከቀረበ ደግሞ ሽቦው ተቃጥሎ እርስ በርሱ ተነካክቷልና ከቴፕ ጋር ፈጽሞ መያያዝ የለበትም፤ ቴፑንም ይዞት ይሄዳል።

ቴስተር የሌለው ሰው ምን ያድርግ? አንድ የ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይና ሁለት ቁራጭ ሽቦ ይበቃዋል። ልጁ የድንጋዩን ፖዘቲቭ ከስፒከሩ የመደመር ምልክት ጋር ለዓይን ጥቅሻ ያህል ሲያነካካው «ጧ» አለ፤ ወረቀቱም ወደ ውጭ ብቅ ብሎ ተመለሰ። ማቆየት ግን ጥቅልሉን ስለሚያሞቀው አያስፈልግም። «ሞቷል» የተባለው ስፒከር በሕይወት አለ!

ይህን ለማረጋገጥ ቦታ አቀያየርናቸው። የቀኙን ስፒከር ወደ ግራው ሽቦ ስንወስደው አሳምሮ ተናገረ፤ ደህና የነበረው የግራው ወደ ቀኙ ሽቦ ሲመጣ እሱም ዝም አለ። ለአንባቢዎቻችን አንድ ዘዴ ብቻ ምረጡ ብንባል ይህንን እንመርጣለን፤ ሕመሙ ከስፒከሩ ጋር አብሮ ከሄደ ጥፋተኛው ስፒከሩ ነው፣ በቦታው ከቀረ ግን ሽቦው ወይም ቴፑ ነው።

ቀጥሎ ቴፑን ስበን አወጣነው። ጎረቤታችን በኋላ ገዝቶ ያስገባው ቴፕ ስለሆነ ከጀርባው የሚወጡት ሽቦዎች የተለመደውን ቀለም ይዘዋል፦ ነጭ የፊት ግራ፣ ግራጫ የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ የኋላ ግራ፣ ወይን ጠጅ የኋላ ቀኝ፤ ጥቁር መስመር ያለበት ደግሞ የእያንዳንዱ ኔጋቲቭ ነው። የመኪናው የራሱ ሽቦ ግን ሌላ ቀለም ስላለው በዚህ መመራት አይቻልም። በወይን ጠጁ መውጫ ላይ ደህናውን የግራ መስመር ስናያይዝ ድምፅ መጣ። ቴፑም ነፃ ወጣ። የቀረው ከዳሽቦርዱ እስከ ኋላ የሚሄደው ሽቦ ብቻ ሆነ።

በዚህ ጊዜ ነበር «ለመሆኑ ወንበሩ ፎደራ የለበሰው መቼ ነው?» ብለን የጠየቅነው። «አምና» አለ። የኋላውን መቀመጫ አነሳነው። ፎደራ የሠራው ሰው ወንበሩን ሲመልስ ሽቦውን ከብረቱ ማሰሪያ ሥር ነክሶት ኖሯል፤ አንደኛው ተበጥሷል፣ ሁለተኛው ልባሱ ተልጦ መዳቡ ይታያል። እናታችን አንድ ዓመት ሙሉ ጆሯቸውን ሲወቅሱ የኖሩት በዚህች ቁራጭ ሽቦ የተነሳ ነው። የተበጠሰውን ልጠን፣ ጠምዝዘን፣ በይደን በናስትሮ ጠቀለልነው፤ የተላጠውንም እንዲሁ፤ ከብረቱ ራቅ ባለ መንገድም አሳለፍነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እናስጠንቅቃለን። አንዳንድ ሰው ሽቦ ሲጎድለው የስፒከሩን ኔጋቲቭ ከመኪናው አካል ጋር ያያይዘዋል፤ መብራት እንዲህ ይሠራልና። በዛሬዎቹ ቴፖች ግን የስፒከሩ ሁለቱም ሽቦዎች ከመሬት አንጻር 6 ቮልት ገደማ ይሸከማሉ፤ ኔጋቲቭ የተባለውም ቢሆን መሬት አይደለም። አካል ካስነኩት ቴፑ ወይ ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋል፣ ወይ ይቃጠላል። የተላጠው መዳብ ብረቱን አለመንካቱ የጎረቤታችን ዕድል ነው።

አሁን ወደ ፊተኛው ግራ እንመለስ። የመስታወት ማዞሪያውንና ከእጀታው ጀርባ ያለውን ብሎን ፈተን የበሩን ሽፋን አነሳን። ከሽፋኑ ሥር ውኃ እንዲከለክል የተለጠፈው ላስቲክ ተቀዷል፤ ዝናብ በመስታወቱ እየወረደ ስፒከሩን ሲያረጥበው ከርሟል። የወረቀቱ የስፖንጅ ጠርዝ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፣ በአንድ በኩልም ተገንጥሏል። ቴስተሩ ግን 3.4 አለ! እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቴስተር የሚያውቀው ሽቦውን ብቻ ነው፣ የተቀደደውን አያይም። ለዚህ የሚያገለግሉት ጣትና ጆሮ ናቸው። አራት ጣቶቻችንን መሐሉን ዙሪያ አኑረን እኩል በቀስታ ስንገፋው «ክርር» የሚል ድምፅ ሰጠ፤ ጠርዙ ስላልያዘው ጥቅልሉ ዘንበል ብሎ ማግኔቱን እየፋቀ ነው። ይህ ስፒከር በእርግጥ መቀየር አለበት።

የሁለቱ ሕመሞች ዝምድናም እዚህ ላይ ታየን። ኋላ ዝም ስላለ ፊቱ ያለ ልክ ተጮኸበት። የቴፑ ፊት «50 ዋት በ4» ቢልም ይህ የቅጽበት ጣሪያ ነው፤ በዘላቂነት የዚህ ዓይነት ቴፕ ለአንድ ስፒከር የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዋት ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ማዕበል ጫፍ ጫፉን እየቆረጠ ይልካል፤ አሮጌ ጠርዝም ይህን አይችልም።

ለመግዛት ስንሄድ የያዝነው መመሪያ አጭር ነበር፤ ስፋቱ የቀድሞው ያህል፣ ኦሙም 4። ባለ 2 ኦም የበለጠ ይጮኻል ብለው የሚሸጡ አሉ፤ ለዚያ ያልተሠራ ቴፕ ግን ይግላል። አዲሱን ከማያያዛችን በፊትም ቴፑን ከፍተን ድምፁን ዜሮ አድርገን በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ቮልት ለካን። ዜሮ ገደማ መሆን አለበት፤ ብዙ ቮልት ከታየ የቴፑ መውጫ ተበላሽቷልና አዲሱንም ጥቅልል ያቃጥለዋል።

ሌሎችን ምልክቶች በአጭሩ እንጥቀስ። በር ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፁ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ በማጠፊያው በኩል የሚያልፈውን ሽቦ ተመልከቱ። ወፍራሙ ድምፅ ከሳስቶ፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲደረግ የሚጠነክር ከሆነ የአንዱ ስፒከር መደመርና መቀነስ ተገላብጧል። የሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚያፏጭ ነገር ካለ የመሬት ሽቦውን እንጂ ስፒከሩን አትንኩ። የሚንቀጠቀጠው ደግሞ አንዳንዴ በበሩ ኪስ ውስጥ የተረሳ ሳንቲም ነው፤ በዚህ የራሳችን ልምድ አለንና አናብራራውም።

ጎረቤታችን የከፈለው የሁለት ስፒከር ዋጋ ነው፤ የሚሸጡት በጥንድ ስለሆነ የፊት ቀኙም አብሮ ተቀየረ። እናት በቀጣዩ ወር ለቀጠሯቸው ሲመጡ በዚያው በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ቀጠሮውን አልሰረዝነውም፤ በእሳቸው ዕድሜ ጆሮን መታየት ለብቻው ተገቢ ነው። ከወራቤ ሲነሱ ልጃቸው እንደ ልማዱ ከፍ ቢያደርግላቸው፣ «ኧረ ቀንስልኝ፣ ምን ያስጮህሃል!» አሉት አሉ። ጤነኛ ሆኖ የተረፈው የፊት ቀኙ ስፒከር አሁን ከክፍላችን መደርደሪያ ላይ ነው፤ የአሥረኛ ክፍል ልጆች በየተራ የባትሪ ድንጋይ እያነካኩ ጧ ያሰኙታል።