የጣሪያዎ ፀሐይ በሐምሌ ትለካ

መብራት በጠፋ ቁጥር ሶላር የማስገባት ወሬ ይነሣል። ወሬው ግን «ስንት ፓነል ይበቃኛል?» እና «ስንት ብር ይፈጃል?» ከሚሉት አያልፍም። ከሁለቱም በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ጣሪያው ደመና በከበደበት ሐምሌ በቀን ምን ያህል ኃይል ይሰጣል የሚለው ነው።

ፓነሉ ጀርባ ላይ የተለጠፈው 550 ዋት የቤተ ሙከራ ቁጥር ነው። የሚገኘው በአንድ ካሬ ሜትር 1000 ዋት ጨረር ሲያርፍና የፓነሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ሲሆን ነው። ቆርቆሮ ላይ የተሰቀለ ፓነል ከዚያ በላይ ይግላል፤ በጨመረው በእያንዳንዱ ዲግሪም ከአቅሙ 0.35 በመቶ ገደማ ያጣል። የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ በዚህ በኩል ያግዛል፤ ሰመራ ላይ ያው ፓነል ይበልጥ ይጎዳል። አቧራው፣ ሽቦውና ኢንቨርተሩ የሚወስዱት ሲጨመር ከስሌቱ ላይ ሩቡን መቀነስ ተገቢ ነው።

አዲስ አበባ ላይ በዓመት አማካይ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የፀሐይ ኃይል ይደርሳል። ባለ 550 አራት ፓነሎች 2.2 ኪሎዋት ናቸው። ይህን በ5.5 አባዝተን ሩቡን ስንቀንስ በቀን 9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይመጣል። በክረምቱ ልብ 5.5 የነበረው ወደ 4.5 ሲወርድ ምርቱ 7 ተኩል እንኳ አይሞላም። ሲዘንብ የዋለ ቀን ደግሞ ከዚያም በታች ነው።

አሁን ምጣዱን እናስበው። 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ከተጋገረበት ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። ከሐምሌው የቀን ምርት ሁለት ሦስተኛው ለእንጀራ ብቻ ሄደ ማለት ነው። ኢንቨርተሩ ባለ 3 ኪሎዋት ከሆነማ ምጣዱን ጨርሶ አይሸከመውም። ይህን ለገዢ ሳይነግሩ መሸጥ በደል ነው።

ጥላም በቁም ነገር አይታይም። በተከታታይ ከተያያዙ ፓነሎች አንዱን የሮቶ ወይም የዲሽ ጥላ ቢነካው የሌሎቹም ምርት አብሮ ሊወርድ ይችላል። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ የቀትር ፀሐይ በታኅሣሥ በደቡብ፣ ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ ደግሞ በሰሜን በኩል ናት። ስለዚህ በበጋ መጥቶ «እዚህ ጥላ የለም» ያለ ሰው የዓመቱን ግማሽ ብቻ ነው ያየው። ከሮቶው በስተደቡብ ያለው ቦታ በክረምት ጥላ ያገኘዋል፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላም ጥላው ይረዝማል።

የአውሮፓ ኮሚሽን የምርምር ማዕከል ያዘጋጀው ፒቪጂአይኤስ የተባለው ማስያ አፍሪካንም ስለሚሸፍን፣ የሰፈርዎን የየወሩን ግምት በነፃ ያሳያል። የመብራት ቢልዎ ላይ ያለውን የወር ፍጆታ ለ30 አካፍለው ከሐምሌው ግምት ጋር ያስተያዩት። ጣሪያውንም አይርሱ፤ አራቱ ፓነሎች ከ10 ካሬ ሜትር በላይ ይይዛሉ፣ መታሰር ያለባቸውም ከቆርቆሮው ሥር ካለው ሞራሌ ጋር ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ የሐምሌን የቀን ምርት በኪሎዋት ሰዓት አስልቶ በጽሑፍ ይስጥዎት። እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።