ቴሌቪዥንን መጫወቻ ያደረገው ሰው

ቴሌቪዥን ምስልና ድምፅ የሚያሳይ ሣጥን ነው። ድሮ ሰው ቁጭ ብሎ ያየው ነበር እንጂ አይጫወትበትም ነበር።

ራልፍ ቤር በ1922 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ተወለደ። አይሁዳዊ ስለ ሆነ በናዚዎች ዘመን ከሚማርበት ትምህርት ቤት ተባረረ። በ1938 ከቤተሰቡ ጋር ሸሽቶ አሜሪካ ገባ። ቀን ፋብሪካ እየሠራ፣ በፖስታ በሚላክለት ትምህርት የሬዲዮ ጥገና ተማረ።

በ1966 በቴሌቪዥን ለምን አንጫወትም ብሎ አሰበ። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ከቴሌቪዥን የሚያያዝ ሣጥን ሠራ። እጀታው ሲዞር በመስተዋቱ ላይ ያለው የብርሃን ነጥብ ይንቀሳቀሳል። ሣጥኑ በ1972 «ኦዲሲ» ተብሎ ተሸጠ። ለቤት የተሠራ የመጀመሪያው የቴሌቪዥን መጫወቻ እሱ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ! ከትምህርት ቤት አባረሩት እንጂ ከትምህርት አላባረሩትም።

ጥያቄ፦ ራልፍ ቤር የሬዲዮ ጥገና እንዴት ተማረ? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።