ጽሑፉ ይቅደም፣ ፕሮግራሙ ይከተል

አሥራ ሁለት ስንኝ ግጥም ለማንበብ ስልካችን ፕሮግራም ማስኬድ አለበትን? የለበትም ባይ ነኝ፡፡ ዛሬ ግን ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩት በተቃራኒው ነው፤ ገጹ ሲከፈት በቅድሚያ የሚደርሰን ባዶ ወረቀት ነው፡፡ ጽሑፉ የሚታየው ጃቫስክሪፕት በተባለው ቋንቋ የተጻፈው ፕሮግራም ወርዶ፣ በአንባቢው ስልክ ላይ ሠርቶ፣ ጽሑፉንም ዳግመኛ ጠይቆ ካስመጣ በኋላ ነው፡፡ በመካከሉ ኔትዎርክ ቢቋረጥ የሚቀረው ነጭ ገጽ ብቻ ነው፡፡

እስኪ ሒሳቡን እንመልከት፡፡ ዛሬ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፡፡ እንግዲህ 1,000 ፊደላት ያሉት ግጥም 3,000 ባይት ገደማ ነው፡፡ እርሱን ለማሳየት የሚወርደው ፕሮግራም ግን በመቶ ሺዎች፣ አንዳንዴም ከሚሊዮን በላይ ባይት ይመዝናል፡፡ እዚህ አዲስ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ፣ ያገለገለ ስልክ ይዞ የኢንተርኔት ጥቅሉን በሜጋባይት እየቆጠረ የሚያነብ ሰው አለ፡፡ የዚያን ሁሉ ሸክም ዋጋ የሚከፍለው እርሱ ነው፡፡ በርበሬ በረንዳ የተፈጨ በርበሬ ፈልጎ የመጣን ሰው ወፍጮውን አሸክሞ «ቤትህ ሄደህ ፍጭ» የሚል ነጋዴ ደንበኛ ያገኛልን?

የሚያሳዝነው የመጣንበትን መንገድ መርሳታችን ነው፡፡ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው፡፡ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ አማርኛ በድረ ገጽ ለማንበብ ልዩ ፎንት መጫን ያስፈልግ ነበር፤ አለዚያ የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ነው፡፡ አንዳንዱም ጽሑፉን እንደ ሥዕል ይለጥፈው ነበር፡፡ ያ ሁሉ ድካም ፊደሉ ራሱ፣ ያለ ሌላ ቁልፍ፣ እንዲነበብ ነበር፡፡ ዛሬ በገዛ እጃችን አዲስ ቁልፍ የምናበጅለት ለምንድን ነው?

«ጃቫስክሪፕት የሌለው ስልክ የታለ? ጉግል እንኳ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ያለ እርሱ ፍለጋ አይፈቅድም» የሚሉ ይኖራሉ፡፡ ጉግል የሰጠው ምክንያት ራሱን ከአጭበርባሪ ፕሮግራሞች መከላከል ነው፤ ግጥም ግን ከአንባቢ የሚከላከለው ነገር የለውም፡፡ ደግሞም ችግሩ ጃቫስክሪፕትን አውቀው ያጠፉ ጥቂቶች ብቻ አይደለም፤ ፕሮግራሙ በመንገድ የቀረበት፣ ስልኩ ያረጀበት ሁሉ ነው፡፡

ለካርታ፣ ለጨዋታ፣ በገጹ ላይ በአማርኛ ለመጻፊያ ፕሮግራም ቢያስፈልግ አልቃወምም፡፡ አስተያየት መስጫውንም ያስጊጥ፣ መፈለጊያውንም ያፍጥን፡፡ ጽሑፉ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጋር አብሮ ይድረስ፡፡ ፕሮግራሙ ጌጥ እንጂ በር አይሁን፡፡

የድረ ገጽ ባለቤቶች ሆይ፤ ብራውዘራችሁ ላይ ጃቫስክሪፕትን አጥፉና የራሳችሁን ገጽ ክፈቱ፡፡ ግጥሙ ከታያችሁ መልካም፤ ካልታያችሁ ግን ያሳተማችሁት ግጥሙን ሳይሆን የግጥሙን ቃል ኪዳን ነው፡፡