በሰው ምላስ የሚጠጣ ሻይ

አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ብለዋል። አገር ያወቀው ወሬ ወደ ባለጉዳዩ ጆሮ የሚደርሰው በመጨረሻ ነውና። እኔ ደግሞ አበውን ሳላስቀይም፣ ምላስም ለባለቤቱ ባዳ ነው እላለሁ። ብዙዎቻችን ምን እንደሚጥመን የምናውቀው ሌላ ሰው ከነገረን በኋላ ነው። መጽሐፉን ሳንገልጥ ደራሲውን እናወድሳለን፤ ግጥሙ ሳይገባን «ድንቅ ነው» እንላለን፤ ሲሰለቸን ደግሞ ጥፋቱ የራሳችን እየመሰለን መሰልቸታችንን እንደብቃለን። ይህ ጽሑፍ በዚህ ልማድ ላይ የቀረበ ክስ ነው። ለምስክርነት የምጠራው ሻይን ነው፤ የመጀመሪያው ተከሳሽም እኔው ራሴ ነኝ።

ኡሎንግ የሚባለው የሻይ ወገን በአረንጓዴው ሻይና እኛ በለመድነው ጥቁር ሻይ መካከል ይቆማል። ሦስቱም የሚገኙት ከአንድ ዓይነት ተክል ነው። ልዩነታቸው ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ አየር እያገኘው መልኩንና መዓዛውን እንዲለውጥ ምን ያህል ጊዜ ይሰጠዋል በሚለው ላይ ነው። አረንጓዴው ወዲያው በሙቀት ይገታል፤ ጥቁሩ እስከ መጨረሻው ይለቀቃል፤ ኡሎንግ መንገድ ላይ እንዲቆም ይደረጋል። የሚቆምበት ቦታ ግን አንድ አይደለም። በሰሜን ታይዋን የሚዘጋጀው ባኦጆንግ ገና ከመነሻው ይቆማል፤ መዓዛው የአበባ፣ መልኩም ለአረንጓዴው የቀረበ ነው። በቻይና ፉጂያን ግዛት፣ በዉዪ ተራሮች ገደላ ገደል ውስጥ የሚበቅለው «የዐለት ሻይ» ደግሞ ርቆ ሄዶ፣ በከሰል ሙቀት ተጠብሶና ጠቁሮ ይወጣል። ስለዚህ «ኡሎንግ እወዳለሁ» የሚል ሰው «ግጥም እወዳለሁ» ከሚል ሰው አይለይም። የትኛውን? የማንን? ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት 6 ዓይነት ኡሎንግ፣ እያንዳንዱን 30 ግራም አድርጌ ገዛሁ። በቅድሚያ ያፈላሁት ዳ ሆንግ ፓኦን፣ ማለትም «ታላቁ ቀይ ካባ» የተባለውን የዉዪ ሻይ ነበር። ለምን እርሱን? ዝናውን አንብቤ ነዋ! እናት ዛፎቹ ከገደል ላይ የበቀሉ 6 ቁጥቋጦዎች መሆናቸውን፣ ከእነርሱ የተለቀመ 20 ግራም ቅጠል እ.ኤ.አ. በ2005 በጨረታ 208,000 ዩዋን መሸጡን፣ ከ2006 ጀምሮም እንዳይቀጠፉ መከልከሉን አውቄአለሁ። የኔ ከረጢት ከዚያ ዝና የወረሰው ስሙን ብቻ እንደሆነም አልጠፋኝም። ቢሆንም ወዳጆቼን ሰብስቤ ቀዳሁላቸው፤ «ዐለቱ አይሰማችሁም? ከዋጣችሁት በኋላ ቃናው አይመለስም?» እያልኩ ሰበክሁ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ታናሽ እህቴ ብቻ፣ «ወንድም ጋሼ፣ እኔ የተቃጠለ ነገር ነው የሚሸተኝ» አለች። «ገና ነሽ፤ ምላስሽ ሲሠለጥን ይገባሻል» አልኳት። ሲኒዋን አስቀመጠችና ዝም አለች።

እውነቱን ልናዘዝ። እኔም ከከሰል ሽታ በቀር አንዳች አልተሰማኝም ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረውን አንድ ሐቀኛ ምላስ ያሳፈርሁት እኔ ነኝ። ያሳፈርሁትም በዕውቀት አይደለም፤ በዋጋና በወሬ ነው።

በታይዋን የሻይ ውድድር ላይ በዳኞች ፊት የሚቀርበው ሲኒ የገበሬው ስም አይጻፍበትም፤ መለያው ቁጥር ነው። 3 ግራም ቅጠል በ150 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ ውስጥ ለ5 ወይም ለ6 ደቂቃ ይቆያል፤ ለሁሉም ቅጠል አንድ ሚዛን፣ ለሁሉም አንድ ውኃ። እኔም ጥፋቴ ሲቆረቁረኝ ይህንኑ አደረግሁ። ባለቤቴ ከሲኒዎቹ ሥር ቁጥር ጻፈች፤ እኔና እህቴ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሳንነጋገር፣ ሦስት ምሽት ቀመስን፤ ፍርዳችንንም በየወረቀታችን ጻፍን። ቡና ሲቆላ እየሸተተኝ ያደግሁ ሰው ነኝና የተጠበሰው ሻይ የኔ ዕጣ እንደሚሆን አልተጠራጠርሁም ነበር። ሦስቱንም ምሽት የመረጥሁት ግን ባኦጆንግን ሆነ፤ ያንን ቀላሉን፣ ውኃ የሚመስለውን! የሰበክሁለት ቀይ ካባ አምስተኛ ወጣ።

እህቴ የመረጠችው ደግሞ ዶንግፋንግ ሜይረን፣ «የምሥራቋ ቆንጆ» የሚባለውን የታይዋን ሻይ ነበር። የዚህ ሻይ ነገር ያስገርማል። የቅጠሉን ጭማቂ የምትመጥ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ተባይ ለጋውን ቅጠል ትነድፈዋለች፤ ተክሉም ራሱን ለመከላከል በሚያመነጨው ነገር ምክንያት ሻዩ የማር መዓዛ ይይዛል። የአገሩ ሰው «የጉረኛ ሻይ» የሚል ስምም አውጥቶለታል። አንድ ገበሬ በተባይ የተበላ ቅጠሉን በውድ ዋጋ ሸጦ መጥቶ ቢናገር፣ ጎረቤቶቹ «ጉራውን ነው» አሉት ይባላል። እነርሱም ከመቅመሳቸው በፊት ፈርደው ነበር።

«ጣዕም በትምህርት የሚገኝ ነው፤ ያልሠለጠነ ምላስ ምን ይፈርዳል?» የሚሉኝ ይኖራሉ። ለእነዚህ መልስ እንዲሰጥልኝ ቻይናዊውን ባለቅኔ ዩዋን ሜይን እጠራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1716 በሃንግዡ የተወለደው ይህ ሰው፣ ግጥም የጥንት ሊቃውንትን ከመቅዳት ሳይሆን ከገጣሚው ከራሱ ባሕርይ ሊፈልቅ ይገባል እያለ የተከራከረ ነው። የአገሩን አረንጓዴ ሻይ፣ ሎንግጂንግን፣ አጥብቆ ይወድ ነበር፤ የዉዪን ሻይ ግን እንደ መድኃኒት መራራ ነው ብሎ ይጠላው ነበር። በ1786፣ በ70 ዓመቱ፣ ወደ ዉዪ ተራሮች ወጣ። በዚያ ያሉ መነኮሳት እየተሽቀዳደሙ ሻይ አቀረቡለት፤ ሲኒው እጅግ ትንሽ ነበር። ቶሎ ሊውጠው አልወደደም። በመጀመሪያ አሸተተው፣ ቀጥሎ ቀመሰው፣ ቀስ እያለም አጣጣመው። ያን ጊዜ የሚወደው ሎንግጂንግ ጥርት ያለ ቢሆንም ጣዕሙ ስስ መሆኑ ተገለጠለት። ይህንንም ሁሉ በ1792 በታተመው የምግብ መጽሐፉ ሳያፍር ጻፈው።

ልብ በሉ፤ ዩዋን ሜይን የለወጠው ስብከት አልነበረም። ሲኒ ነበር። አዎን፣ ጣዕም ይማሩታል፤ የመምህሩ ሥራ ግን ሲኒውን ማቅረብና ጊዜ መስጠት ነው። ፍርዱን አስቀድሞ የሚሰጥ መምህር ለደቀ መዝሙሩ የሚያወርሰው ፍርሃትን ነው።

ከወዲያ ማዶ ደግሞ «ለሁሉም እንደ ምርጫው» ብለው ክርክሩን የሚዘጉ አሉ። እነዚህንም አልቀበላቸውም። አንድ ሲኒ ብቻ የቀመሰ ሰው ምን ምርጫ አለው? ያለው ልማድ ነው። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» እንዲሉ፣ ያልቀመሰውን እንዴት ይመኘዋል? እኔ ስድስቱን ጎን ለጎን ባላስቀምጥ ኖሮ፣ የተጠበሰ ሻይ ወዳድ ነኝ እያልሁ ዕድሜዬን እጨርስ ነበር። ምርጫ የሚወለደው ከንጽጽር ነው፤ ንጽጽርም ድካም ይጠይቃል።

ዩዋን ሜይ ሁለቱን ሻዮች ሲያነጻጽር በጄድና በብርሌ ድንጋይ መስሏቸዋል፤ ሁለቱም ክቡራን ናቸው፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የክርክሬም ማሰሪያ ይኸው ነው። «ይህ መልካም ነው» እና «ይህ የኔ ነው» ሁለት የተለያዩ ፍርዶች ናቸው። ኋላ ላይ ያንን ቀይ ካባ በትንሽ ማፍያ፣ ቅጠሉን አብዝቼ፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ እያቆየሁ ደጋግሜ አፈላሁት። ከጭሱ በስተጀርባ ጥልቅ ነገር አገኘሁበት፤ መልካም መሆኑንም ዛሬ ራሴ ቀምሼ እመሰክራለሁ። የኔ ግን አይደለም። ይህን ማለት ሻዩን አያዋርደውም፤ እኔንም አያሳፍረኝም።

በሥነ ጽሑፋችን መንደር የጠፋው ይህ ልዩነት ነው። አንድን ታላቅ ልብ ወለድ «ታላቅ ነው፤ እኔን ግን አልነካኝም» የሚል አንባቢ እንደ መናፍቅ ይታያል። ስለዚህ ይዋሻል፤ ውሸቱንም ሌላው ተቀብሎ ይደግመዋል። በመጨረሻ ማንም ከልቡ ያላነበበው መጽሐፍ በሁሉም አፍ ይወደሳል። ደራሲውን ከዚህ የበለጠ የሚጎዳው ምን አለ? ዝምታ እንኳ ይሻለው ነበር።

እህቴን ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። «እኔማ ረስቼዋለሁ» አለችኝ፤ እንዳልረሳችው ግን ከዓይኗ አየሁ። ባለፈው ሰሞን የግጥም መድበል ልታውሰኝ ወደኔ ዘንድ መጥታ፣ «እንዴት ነው ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ ሂድና አንብበው» ብላ ሰጠችኝ። ጥቁር ወረቀት ሸፍናበት ነበር፤ የደራሲው ስም አይታይም። እስካሁን አልገለጥሁትም፤ ሽፋኑን ማለቴ ነው። ግጥሞቹን ግን ሁለት ጊዜ አንብቤአለሁ።