የማኅበራችን ላፕቶፕ ያገለገለ ይሁን፤ ሳይፈተሽ ግን አይገዛ



ለጽሕፈት ቤታችን አንድ ላፕቶፕ ይገዛ የሚለው ሐሳብ በኮሚቴው ከቀረበ ወዲህ በየደጁና በየቡናው ብዙ ሲወራበት ሰንብቷል። ገሚሱ «የሕዝብ ገንዘብ ስለሆነ አዲስ፣ ከነካርቶኑ ይገዛ» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «መዝገቡ እስከ ዛሬ በእጅ ተጽፎ ኖሯል፤ አሁን ምን ተገኘና ነው?» ይላል። እኛ በበኩላችን ያገለገለ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ተገዝቶ፣ በደንብ ተሰናድቶ ሥራ ይጀምር ባዮች ነን። ምክንያታችንን ከጠቅላላ ጉባዔው በፊት በዚህ ሰሌዳ ላይ ብናወጣ በስብሰባው ላይ ከመጯጯህ ያድነናል ብለን ነው የጻፍነው።

ነገሩ የቅንጦት አይደለም። የአባላት መዝገባችን አምስት ወፋፍራም ደብተር ሆኗል። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ቤት ሐዘን ገብቶ ድንኳን ሊተከል ሲል፣ የሁለት ዓመት ክፍያቸው የተጻፈበት ገጽ በእርጥበት ተጣብቆ አልነበብ አለ። ደግነቱ እሳቸው ደረሰኛቸውን አንድም ሳይጥሉ በፌስታል ቋጥረው አስቀምጠው ኖሮ ነገሩ በሰላም አለፈ። ደረሰኙ ባይኖርስ? ሰው አልቅሶ ሳይጨርስ «ከፍለዋል፣ አልከፈሉም» እየተባለ ሊጠየቅ ነበር ማለት ነው። ደብተሩ ይጣል አላልንም፤ ደብተሩም ይቀጥል። ግን ሌላ ቅጂ ይኑረው ነው የምንለው።

ታዲያ ለምን አዲስ አይገዛም? አዲሱ እኮ ሁለት ዓይነት ነው። ጠንካራው አዲስ ላፕቶፕ ከማኅበራችን አቅም በላይ ነው። በአቅማችን የሚገኘው አዲስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አካሉ ስስ ፕላስቲክ፣ ማጠፊያው ደካማ፣ ራሙ ከውስጥ ቦርዱ ጋር የተበየደና ሊጨመር የማይችል ነው። ካርቶኑ ያምራል፤ ካርቶን ግን መዝገብ አይይዝም።

የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ የሚባሉት ግን፣ ይኸውም የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲዩድና የኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ እንዲሠራባቸው ታስበው የተሠሩ ናቸው። ትልልቅ ኩባንያዎች ሦስት አራት ዓመት ሠርተውባቸው በአዲስ ይተካሉ እንጂ ስለተበላሹ ብቻ አይደለም የሚያወጧቸው። ከዚያ ነጋዴ ይሰበስባቸዋል፤ ያጸዳል፣ የደከመ ዕቃ ይለውጣል፣ መልሶ ይሸጣል። ከነዚህ ብዙዎቹ በብሎን ስለሚከፈቱ ጠጋኝ እጅ ላይ ሲገቡ አያስቸግሩም፤ መለዋወጫቸውም ይገኛል። (ቲንክፓድ የሚለው ስም የወጣው በ1992 እ.ኤ.አ. በአይ.ቢ.ኤም. ነው፤ ሌኖቮ የወሰደው በ2005 ነው። አሮጌ ስም መሆኑን ለማሳየት ያህል ነው።) ዴስክቶፕ ይሻላል ያሉም አሉ። መብራት ሲጠፋ ምን ሊያደርጉት ነው?

አሁን ዋናው ጉዳይ ፍተሻው ነው። ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ ያለቀሰ ብዙ ነው፤ ያለቀሰውም አሮጌ ስለገዛ ሳይሆን ሳይጠይቅ ስለገዛ ነው።

በመጀመሪያ የሚታየው የፕሮሰሰሩ ቁጥር ነው። ዊንዶውስ 10 የሚባለው ነፃ የጥበቃ እድሳቱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ የምንገዛው ዊንዶውስ 11ን በሕጉ የሚቀበል መሆን አለበት። ለዚህም ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የጥበቃ ክፍል ያስፈልጋል፤ የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነም በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው የሚፈቀደው። ትውልዱን ማወቅ ከባድ አይደለም። ኮር አይ 5 ከሚለው ቀጥሎ 8350 የሚል ካለ 8ኛ ትውልድ ነው፤ 7300 የሚል ካለ 7ኛ ነው፤ 1145 የሚል ካለ 11ኛ ነው። ነጋዴው «አይ ፋይቭ ነው» ብሎ ዝም ካለ ምንም አልነገረንም፤ አይ 5 እኮ ከአሥር ዓመት በፊትም ነበረ። በ2018 እ.ኤ.አ. ከወጡት ውስጥ ቲንክፓድ ቲ 480፣ ላቲቲዩድ 5490 እና ኤሊትቡክ 840 ጂ 5 በ8ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ይገኛሉ፤ እኛ ከነዚህ ወይም ከነሱ በኋላ ከመጡት ቢሆን እንመርጣለን። ራሙ ከ8 ጊጋ እንዳያንስ፣ ማስቀመጫውም የሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክ ሳይሆን ኤስ.ኤስ.ዲ. ይሁን። ለመዝገብና ለደብዳቤ ከዚህ በላይ አያስፈልገንም።

ሁለተኛው ቁልፍ ነው፤ ብዙ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው ሲሠራበት ባዮስ ላይ የይለፍ ቃል አድርጎበት ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ቢጫንም ይህ ቁልፍ አይጠፋም። በአንዳንዱ ላይ ቦርዱ ካልተለወጠ በቀር መላ የለውም። ስለዚህ ገንዘብ ሳይከፈል ማሽኑ ጠፍቶ ይብራ፤ ሲበራም ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ 1፣ ዴል ከሆነ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 10 ይጫን። የይለፍ ቃል ከጠየቀ «ደህና ዋሉ» ብሎ መውጣት ነው።

ከዚህ የባሰ የተደበቀ ሌላ ቁልፍ አለ። ማሽኑ በኩባንያው ስም ማይክሮሶፍት ዘንድ ተመዝግቦ የቀረ እንደሆነ፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ ኢንተርኔት ሲያገኝ የማናውቀውን ኩባንያ ስም አውጥቶ የዚያን ኩባንያ ኢሜይል ይጠይቃል። ያንን ነፃ ሊያወጣ የሚገባው የቀድሞው ባለቤት ነው። ስለዚህ እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ በሞባይልም ቢሆን ኢንተርኔት ተሰጥቶት እንደ አዲስ ሲጀምር ማየት አለብን። ጊዜ ይፈጃል። ይፍጅ! ሻጩ ከተሰላቸ ሌላ ሻጭ አለ።

ባትሪው ያረጀ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ጥያቄው ምን ያህል የሚለው ነው። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው ጎን ለጎን ይጻፋል። ግማሹን ካጣ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስልን ማለት ይገባል። ቻርጀሩም የራሱ ይሁን። ዴል የማያውቀውን ቻርጀር ሲሰኩበት ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ባትሪውንም አልሞላም ይላል። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ ለኛ መብራት ይሆናል፤ ሶኬቱ ብቻ ነው የሚለየው። ኪቦርዱን ፊደል በፊደል መሞከር፣ ስክሪኑን ነጭ አድርጎ ማየት፣ ማጠፊያውን ከፈት ዘጋ ማድረግ ማንም የሚችለው ነው። ደረሰኙ ላይ የማሽኑ መለያ ቁጥርና የዋስትናው ጊዜ ይጻፍ። የቃል ዋስትና ከሱቁ በር አያልፍም። ዋጋውን እዚህ አልጻፍንም፤ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ ቢያንስ ከሦስት ሱቅ ተጠይቆ ለጉባዔው ይቀርባል።

ከተገዛ በኋላስ? ነጋዴው የጫነው እንዳለ አይተውም። ተደምስሶ እንደ አዲስ ይጫን። እነዚህ ማሽኖች ዊንዶውስ ይዘው የተሸጡ ስለሆኑ ብዙውን ጊዜ የፈቃድ ቁልፉ በውስጣቸው አለ፤ ለ«ክራክ» ገንዘብ መክፈልም፣ በክራክ ቫይረስ መጋበዝም አያስፈልግም። ለጽሑፍና ለሒሳብ ሊብረኦፊስ በነፃ ይገኛል።

የአማርኛው አጻጻፍ ነገር ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፊደላችን በዩኒኮድ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ሆኖም ዛሬም በአሮጌው የፊደል ፕሮግራም የሚጽፍ አለ፤ ያ ጽሑፍ ፕሮግራሙ ወደሌለበት ማሽን ሲሄድ የተዘበራረቀ ምልክት ብቻ ይሆናል። መዝገባችን በዩኒኮድ ይጻፍ። ልጆቻችን ከሃያ ዓመት በኋላ ሲከፍቱት የአባቶቻቸውን ስም ማንበብ አለባቸው።

አሁን አከራካሪው፦ የይለፍ ቃሉ በማን እጅ ይሁን? እኛ ጸሐፊው ብቻውን አይያዝ ነው የምንለው። ሰው ይታመማል፣ ሰፈር ይለቃል፣ ይሞታልም፤ ማኅበሩ ደግሞ ለዚሁ የተቋቋመ ነው። ዊንዶውስ ፕሮ ካለው ማስቀመጫው በቢትሎከር ይቆለፍ፤ ማሽኑ ቢሰረቅ እንኳ የማን ውዝፍ ስንት እንደሆነ፣ የማን ስልክ ምን እንደሆነ ሌባ አያነበውም። ግን ቢትሎከር ባለ 48 አኃዝ ማስከፈቻ ቁጥር አለው፤ እሱ ከጠፋ ባለቤቱም እንደ ሌባው ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ቁጥሩ በወረቀት ታትሞ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ ሦስት ሰው ፈርሞበት በገንዘብ ሣጥኑ ይቀመጥ።

ቅጂውም እንደዚሁ። አንድ ፍላሽ በሊቀ መንበሩ፣ አንድ በሒሳብ ሹሙ ቤት ይሁን፤ እነሱም በቁልፍ ይዘጉ። በየወሩ መጨረሻ የክፍያው ዝርዝር በወረቀት ታትሞ ከደብተሩ ጋር ይያያዝ። ይህንን «ድርብ ሥራ» ብለው የሚያጉረመርሙ አሉ። ድርብ ሥራ ነው፤ አዎ። ያቺ ተጣብቃ የቀረች ገጽ ድርብ ብትሆን ኖሮ ያን ቀን አንጨነቅም ነበር።

ለልጆቻችሁ ትምህርት ላፕቶፕ ልትገዙ ያሰባችሁ ወላጆችም ከላይ ያልነው ፍተሻ ይጠቅማችኋል። የኮምፒውተር ትምህርት ያላቸው የሰፈራችን ወጣቶች ከገዢ ኮሚቴው ጋር ሱቅ ድረስ ለመሄድ ፈቃደኞች ከሆኑ ስማቸውን ለጽሕፈት ቤቱ ያስመዝግቡ። የትራንስፖርታቸውን ማኅበሩ ይችላል።

በሐሳቡ የማይስማማ አባል ተቃውሞውን ከጠቅላላ ጉባዔው በፊት በጽሑፍም ሆነ በቃል ማቅረብ ይችላል፤ የቀረበውም በዚሁ ሰሌዳ ላይ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ይለጠፋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ